ያሰረው አይሄድም፣ የሚሄደው አላሰረም

የሐይቅና የውጫሌ ልጆች፣ አራትና አምስት ሆናችሁ አንድ ሚኒባስ ተኮናትራችሁ ሞተር ከአዲስ አበባ ማስመጣት መጀመራችሁን እያየሁ ነው። ደግ አደረጋችሁ። ታርጋ ያልወጣለትን፣ ሮዳጅ ያልጨረሰን ሞተር 430 ኪሎ ሜትር ገደማ እየነዱ ከማምጣት መጫን ይሻላል። አዲስ አበባም ብትሆን ከ2011 ክረምት ወዲህ ያለ ፈቃድ ሞተር አታስነዳም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እዚያ አዲስ ሆኖ የተጫነ ሞተር እዚህ ሲወርድ ስፖኪዮው የለም፣ ሰልባትዮው ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ፓራፋንጎው ተሰንጥቋል። ሾፌሩን ስትጠይቁት "እኔ አላሰርኩም" ይላል። እውነቱን ነው። ያሰሩት ጫኝና አውራጆቹ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ "አብሽር፣ ንቅንቅ አይልም" ብለው ሒሳባቸውን ተቀብለው ወደ ሌላ መኪና ዞረዋል።

ንቅንቅ ማለት አለማለቱን የሚያውቀው መንገዱ ነው። እስከ ደብረ ብርሃን ብዙም ችግር የለም፤ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን ጣርማበርን፣ ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና መውረድ ስትጀምሩ ግን ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ጭነቱ ወደ ፊት ይገፋል፣ በየጥምዝምዙ ወደ ጎን ይወድቃል። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ይዛችሁ ወደ ደሴ ስትወጡ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ክብደቱ ሁሉ የኋላውን በር ይደገፋል። ቁልቁለቱን የቻለ እስር ዳገቱን ላይችል ይችላል። በዚያ ላይ ብዙ ሰው የፊቱን ብቻ ወጥሮ የኋላውን "ለወጉ" ጠምጥሞ ይተወዋል።

አንድ ጊዜ ሸዋ ሮቢት ለምሳ ስንቆም የኋላውን በር ከፈትኩት። መጀመሪያ የመታኝ የቤንዚን ሽታ ነው፤ በዚያ ሙቀት ላይ ዓይን ያስለቅሳል። ሦስተኛው ሞተር ሁለተኛው ላይ ተኝቷል። የፍሪሲዮኑ መያዣ የጎረቤቱን ወንበር በስቶ ገብቶ ስፖንጁን ጎልጉሎታል። የታሰረበት ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ ነበር፤ አልተበጠሰም፣ ቋጠሮውም እንዳለ ነው፤ ግን ተለጥጦ ተለጥጦ ሞተሩን እንደ ልቡ አንጋሎታል። ከመነዳሪ ለሸራ ማሰሪያ ወደር የለውም። ከ100 ኪሎ በላይ ለሚመዝን፣ በሁለት ጎማ ለቆመ ነገር ግን ለመለጠጥ የተሠራ ማሰሪያ ምን ያደርግለታል? ናይለን ገመድም ቢሆን መጀመሪያ ጥብቅ ይልና እየዋለ ይረግባል። ያን ዕለት ሾፌሩ ይህን ሁሉ እያየ "ቦታ ካለ ሦስት ጆንያ ሽንኩርት ላግባበት" ያለኝን አልረሳውም። አይሱዙን በአጥፊነቱ አልቃይዳ ብለን ስም ያወጣን ሰዎች፣ ሚኒባሱንም አንድ ነገር ልንለው ይገባ ነበር።

የሚያዋጣው ማጥበቂያ ያለው የጭነት ቀበቶ ነው፤ ለአንድ ሞተር አራት። የፊት ጎማውን የፊተኛው ግድግዳ ወይም ወለሉ ላይ የተመታ እንጨት ላይ ታስጠጉታላችሁ። ከዚያ ሁለቱን ቀበቶዎች በግራና በቀኝ፣ ወደ ፊትና ወደ ታች ትወጥራላችሁ። የመሪው ጫፍ ላይ አትሰሩ፤ ይጣመማል። ከመሪው ሥር፣ ሁለቱ ሾኮች የሚያያዙበት ብረት ላይ እሰሩ። ሾኩ ግማሽ ያህል እስኪወርድ ወጥሩት። ሞተሩ ጉድጓድ ላይ ሲዘል ቀበቶው እንዳይላላ የሚያደርገው ይኸው የተጨመቀ ሾክ ነው። እስከ መጨረሻው ከተጫነ ግን ዘይት የሚይዘው ጎሚኒ ይበላሻል። የኋላዎቹ ሁለት ቀበቶዎች ወደ ኋላና ወደ ጎን፤ የኋላው ጎማ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዙት እነሱ ናቸው። በጎን መቆሚያው አቁማችሁ አትሰሩ፤ ሲዘል ወለሉን እየወጋ ይንሸራተታል። ሞተሮቹ መሪ ለመሪ እንዳይጋጩ አንዱ ፊቱን ወደ ፊት፣ ቀጣዩ ወደ ኋላ ቢሆን ጥሩ ነው። በመሃላቸው አሮጌ ስፖንጅ ፍራሽ ጣል አድርጉበት።

ቤንዚኑን ከመጫናችሁ በፊት አስቀዱት፤ መዝጊያውንም ዝጉ። ብርድ ላይ ጢም ብሎ የተሞላ ሰልባትዮ ከ1,300 ሜትር በታች ያለችው ሮቢት ሲደርስ ቤንዚኑ ይነፋና መውጫ ይፈልጋል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ተነስቶ በመስኮት አይወጣም፤ ወለሉ ላይ ይተኛል። አንድ የሲጋራ ቁራጭ ይበቃዋል። የባትሪውን ኔጋቲቭ መንቀልም አይርሳችሁ።

አሁን ወደማልታገሰው ነገር ልምጣ። "ረዳቱ ከኋላ ሆኖ ይይዛቸዋል" የምትሉ ወንድሞች አላችሁ። ወላሂ ይሄ ነውር ነው። ፍሬን ሲያዝ አራት ሞተር፣ ግማሽ ቶን የሚጠጋ ብረት ማለት ነው፣ በአንድ ላይ ሲመጣ የ16 ዓመት ልጅ በምን ጉልበቱ ይመልሰዋል? በዚያ ላይ በተዘጋ መኪና ውስጥ ቤንዚን ሲምግ ነው የሚውለው። ስፖኪዮ ከሱቅ ይገዛል፤ የእናቱን ፊት ምን ይዛችሁ ታዩታላችሁ?

ስለዚህ ከባለ ሞተሮቹ አንዱ ይሂድ። ሲታሰር ቆሞ ይይ፣ ማጥበቂያውን መጨረሻ ላይ በራሱ እጅ ያጥብቅ፣ ጋቢና ተቀምጦ አብሮ ይምጣ። ከተማውን ሳይለቅ አንዴ ያስቁም፤ ቀበቶ ከሁሉ በላይ የሚረግበው መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ ጣርማበር ሳይደርስ፣ ከዚያ ኮምቦልቻ። ሾፌሩ ያጉረመርማል፤ ያጉረምርም። ክፍያውን ስትዋዋሉ መቆሙንም ማውረዱንም አብራችሁ ጨርሱ። ሐይቅ ሲደርስ የሚወድቀው ሞተር ትንሽ አይደለምና፤ ሁሉም ደክሞታል፣ ጨልሟል፣ ሦስት ሰው ከፍ አድርጎ ሲያወርድ አንዱ ይለቃል። መኪናውን አፈር ጉብታ ላይ በኋላው አስጠግታችሁ ወፍራም ጣውላ ብታጋድሙበት ማንም ወገቡን አይይዝም።

አሥራ ስድስት ቀበቶ አለኝ። ለሐይቅም ለውጫሌም ልጅ በነፃ አውሳለሁ፣ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ብቻ ስትመልሱ ጭቃውን አጥባችሁ፤ አሸዋ ከገባበት ማጥበቂያው አይነክስም።