ጃኖ የለበሰ ጩኸት

ሐረር ላይ "ሮክ እወዳለሁ" የሚል ሰው ሁለት ጊዜ ይታያል። መጀመሪያ ጤንነቱ ይጠረጠራል፤ ቀጥሎ "አቦ፣ ተወን እስቲ!" ይባላል። በርጫ ላይማ ፈጽሞ አይታሰብም። ምርቃናው ገብቶ ሁሉም በየሐሳቡ በተጓዘበት ሰዓት የጃኖ ባንድን "ኤርታሌ" የከፈተ ሰው ከቤት ባይባረር እንኳ ሞባይሉን ይቀማል። እኔ ተቀምቻለሁ።

አልበሙ የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ነው። ያኔ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ፈላጊ ነበርኩ። መጀመሪያ የሰማሁት ፈላና በር ላይ ተሳፋሪ ይጠብቅ በነበረ ባጃጅ ውስጥ ነው። ባለባጃጁ ድምፁን እስከ ጥግ ለቆታል፤ ጊታሩ የጀጎልን ግንብ ሊሰነጥቅ የመጣ ይመስላል፤ ከጊታሩ በላይ ደግሞ የሴትና የወንድ ድምፅ እየተቀባበለ ይወጣል። የምሄድበት ቦታ ሳይኖረኝ ተሳፈርኩ። ዘፈኑ ሲያልቅ ወረድኩና በእግሬ ተመለስኩ።

በማግስቱ ሞባይል ቤት ሄጄ በፍላሽ አስቀዳሁት። አዎ፣ ሰረቅኩት ማለት ነው፤ አልደብቅም። ባንክ ተቀጥሬ የመጀመሪያ ደመወዜን ስቀበል ግን ሲዲውን ገዛሁ። ቤታችን የሲዲ ማጫወቻ እንዳልነበረ ትዝ ያለኝ መንገድ ላይ ነው።

ለማያውቁት ጥቂት ልበል። ጃኖ በአዲስ ገሠሠ ጠንሳሽነት የተሰባሰበ የወጣቶች ባንድ ነው፤ ያኔ ከፊት ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች ያዜሙ ነበር። አልበሙን ፕሮዲውስ ያደረገው አሜሪካዊው የቤዝ ጊታር ተጫዋች ቢል ላስዌል ነው፤ በ1983 የሄርቢ ሃንኮክን "ፊውቸር ሾክ"፣ በ2001 ደግሞ የእጅጋየሁ ሽባባውን (የጂጂን) አልበም የሠራው ሰው። የባንዱ ስም ጠርዙ በቀይ ጥለት ከተዋበው፣ ድሮ መኳንንት ይደርቡት ከነበረው ኩታ የተወሰደ ነው። የአልበሙ ስም ደግሞ ከአፋሩ እሳተ ገሞራ። ኤርታሌ ቁመቱ 613 ሜትር ብቻ ነው፤ ከጎንደርና ከባሌ ተራሮች ጋር ቢሰለፍ ጉብታ ነው። ግን ሆዱ ውስጥ እሳት አለ። ስያሜውን የመረጠው ሰው ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ እኔ ግን ከባንክ መስኮት ጀርባ የተቀመጠ ሰው ሁሉ እንደዚያ ይመስለኛል።

አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ክራር ይደረድራሉ፤ ግን ለበዓል ወይም ሲከፋቸው ብቻ። አልበሙን ሲሰሙ "ይህ ዘፈን ነው ወይስ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ በረዶ?" ይሉ ነበር። እኔም አፌ አያርፍም፤ "አባዬ፣ የእርስዎ ዘመን ዘፈን ለመተኛት ነው" ብዬ አንድ ቀን መለስኩላቸው። ለሁለት ሳምንት ያህል ከሰላምታ በቀር አልተነጋገርንም።

በዚያው ሰሞን ነው እንግዲህ አንድ ምሽት ሒሳብ ስዘጋ 2,800 ብር የጎደለብኝ። ገንዘብ ከፋይ የሆነ ሰው ይህን ያውቀዋል። ደረሰኙን ሦስት ጊዜ ትደምራለህ፣ እስሩን ፈትተህ ትቆጥራለህ፣ መሳቢያውን ትገለብጣለህ፤ ጉድለቱ ግን እንደ ግንብ ቆሞ ያይሃል። የጎደለውን የሚከፍለው ራሱ ቆጣሪው ነው። ከወር ደመወዜ ከግማሽ በላይ ነበር። ከሁሉ የከበደኝ ግን ገንዘቡ አልነበረም፤ የአለቃዬ አስተያየት ነበር። "ጎደለ" የሚለው ቃል ካልተጠነቀቁለት "ሰረቀ" ወደሚለው ይንሸራተታል።

ቤት ስገባ መብራት የለም። እራት አልበላም አልኩና ጨለማው ውስጥ ተጋድሜ አልበሙን በሞባይሌ ከፈትኩ፤ ያለ ማዳመጫ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻ። ሰው የሚያለቅስበት ቦታ ሲያጣ የሚጮኽለት ሰው ይፈልጋል። እኔ መጮኽ አልችልም ነበር፤ ጊታሩ ጮኸልኝ።

በሩ ተከፈተ። "ቀንሰው" ሊሉኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አባቴ ግን ገብተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አንዱ ዘፈን አለቀ፤ ሌላው ተከተለ። ጊታሩ ብቻውን የሚወጣበት ቦታ ላይ ሲደርስ ተነሡና ከሳሎን ክራራቸውን ይዘው መጡ። ከስድስቱ ክሮች አንዱ ከተበጠሰ ቆይቷል። በአምስቱ እየዳበሱ፣ እየቃኙ፣ ጊታሩ የሄደበትን መንገድ ተከተሉት። አገኙት።

"ቅኝቱ የኛው ነው" አሉ። "ልጆቹ አላበላሹትም፤ አስጮኹት እንጂ።"

ዝም አልኩ።

"ስንት ጎደለ?" አሉኝ ቀጥለው። ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ምናልባት ማንም። ቁጥሩን ነገርኳቸው። ምንም አልመለሱም፤ መደርደራቸውን ቀጠሉ። ከግንቡ ማዶ ጅቦች ይጮኻሉ፤ የሞባይሌ ባትሪ አልቆ አልበሙ ጸጥ ሲል ክራሩ ብቻውን ቀረ።

እስከዚያ ምሽት የምጽፋቸው ግጥሞች ሁሉ ጨዋ ነበሩ፤ ቤት ይመታሉ፣ ሐዘናቸውንም በሹክሹክታ ያወራሉ። ከዚያ በኋላ የጻፍኩትን ሁሉ ወዳጆቼ "ጮኸብን" ይሉኛል። ደስ ይለኛል።

አልበሙ እንከን የለውም አልልም። ኪቦርዱ አንዳንድ ቦታ ይበዛብኛል፤ ግጥሞቹም ሁሉ እኩል የተደከመባቸው አይመስሉኝም። በ2018 "ለራስህ ነው" የተባለው ሁለተኛ አልበማቸው ሲወጣ አባቴ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቶ ነበር። ብቻዬን ሰማሁት። ጥሩ ሥራ ነው፤ የበሰለም ነው። ግን ጊታሩ ብቻውን ሲወጣ ሳላውቀው ወደ በሩ አየሁ።

ክራሩ ዛሬም ሳሎን ተሰቅሏል። ስድስተኛውን ክር ባለፈው ዓመት አስገጠምኩለት፤ መቃኘት ግን አልችልም።