ኪቦርድን ከቤት አቧራ ስለ መጠበቅ

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት ዕቃ አያያዝ ብዙ ጊዜ ተጽፏል። የዛሬው ነገራችን ከሁለቱም የሚገባ ነው፤ ይኸውም በቤታችን ስላለው የኤሌክትሪክ ኦርጋን፥ ዛሬ ሰው ሁሉ ኪቦርድ ስለሚለው መሣሪያ፥ አቧራም ስላደረሰበት ጉዳት ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ለእኛም ትንሽ መስሎን ነበር። ስለዚህም በልጃችን ላይ የማይገባ ቃል ተናገርን።

የምንኖረው በላፍቶ ነው። ላፍቶን የሚያውቅ ሰው አቧራውንም ያውቀዋል። ዝናቡ በመስከረም መጨረሻ ካቆመ በኋላ እስከ በልግ ድረስ፥ አሸዋና ጠጠር የጫኑ መኪናዎች ወደ ለቡና ወደ ሐና ማርያም ሲመላለሱ፥ አስፋልት ካልለበሱት የሰፈር መንገዶች የሚነሣው ትቢያ በመስኮት ይገባል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በከተማችን በተያዘው የኮሪደር ልማት ብዙ መንገድ ተቈፍሮ ተሠርቷል፤ መንገዱ ሲያምር ደስ ብሎናል፥ እስኪያምር ድረስ ግን የቤት ዕቃ ሁሉ ማለዳ ማለዳ ዱቄት የተነፋበት ይመስል ነበር።

ኪቦርዱን የላኩልን በዋሽንግተን አካባቢ በሾፌርነት የሚሠሩት የባለቤታችን ወንድም ናቸው። 61 ቁልፎች አሉት፤ 36ቱ ነጭ 25ቱ ጥቁር ናቸው። በደረሰን ጊዜ ብርሃን እንዲያገኝ ብለን በሳሎን ከመስኮቱ ሥር አኖርነው፤ ባለቤታችንም በገዛ እጃቸው የሠሩትን ዳንቴል አለበሱት። ዳንቴል ለዓይን እጅግ ያማረ ነገር ነው፤ በአገራችን ቴሌቪዥኑም ሶፋውም ጠረጴዛውም ይለብሰዋል። ዳሩ ግን ዳንቴል ማለት በክር ተከቦ የተያዘ ቀዳዳ ነው። ይህን በባለቤታችን ፊት ለመናገር ብዙ ወራት ፈጅቶብናል።

ልጃችን በትምህርት ቤቷ የወላጆች ቀን በሚከበርበት ጊዜ በሕዝብ ፊት ለመጫወት ስትለማመድ ነበር። በታኅሣሥ ወር ግን ቀስ ብሎ በሚሄደው ዜማ መካከል አንዲት ድምፅ፥ ሶል የምትባለው፥ በድንገት ትጮኽ ጀመር፤ ሌላ ጊዜም ፈጽማ ዝም ትላለች። እኛም ከምናነበው ጋዜጣ ቀና ብለን፦ «ቀስ ብለሽ ንኪው እንጂ!» አልናት። እርሷም፦ «አባባ፥ እኔ ቀስ ብዬ ነው የነካሁት፤ እርሱ ነው የጮኸው» አለች። «ዕቃ በራሱ አይጮኽም» ብለን መለስንላት። ይህም አልበቃን ብሎ፥ አንድ እሑድ እንግዶች በተቀመጡበት፦ «ይህች ልጅ ጣቷ ከባድ ነው፤ ለዕቃ አታዝንም» አልን። እንግዶቹ ሳቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጃችን ኪቦርዱን መንካት እየቀነሰች ሄደች፤ በመጨረሻም ለእናቷ በወላጆች ቀን እንደማትጫወት ነገረቻት።

ያን ጊዜ ባለቤታችን እኛን በወንበሩ ላይ አስቀምጠው፦ «እስቲ እርስዎ ይንኩት» አሉን። ዶሮ ላባ እንደሚነካ ሰው በዝግታ ነካነው። ጮኸብን።

መሣሪያውን ይዘን ከቤታችን ራቅ ብሎ ወደሚሠራ አንድ ወጣት ጠጋኝ ሄድን። ክዳኑን ከፍቶ ከቁልፎቹ ሥር ያለውን ሲያይ መጀመሪያ የጠየቀን ስለ መስኮት አልነበረም። «ጋሼ፥ ቡና የሚፈላው የት ነው?» አለን። «ከዚሁ ከኪቦርዱ አጠገብ ነው» አልነው። ጣቱን አስነክቶ አሳየን፤ አቧራው ደረቅ ትቢያ ሳይሆን የሚያጣብቅ ጥቁር ነገር ነበር። ቡና ሲቈላ የሚወጣው ጭስና የዕጣኑ ጭስ ቅባትነት ስላላቸው፥ በቀጭኑ ዕቃውን ይለብሱታል፤ ከመንገድ የገባው ትቢያና በማራገቢያ የሚነሣው የከሰል አመድ ከዚያ ላይ ይጣበቃል። የነጠላና የጋቢ ብናኝም አብሮ ተገኝቷል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ለስላሳ ጎማ አለ፤ በጎማውም ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ሁለት ጥቁር ነጥቦች ይገኛሉ። ቁልፉ ሲጫን አንደኛው ነጥብ ቀድሞ፥ ሁለተኛው ጥቂት ዘግይቶ ከታች ያለውን ሰሌዳ ይነካል። መሣሪያው በሁለቱ መካከል ያለፈውን እጅግ አጭር ጊዜ ለክቶ የጣትን ፍጥነት ያውቃል፤ ጊዜው ካጠረ ተጫዋቹ በኃይል መታ ብሎ ድምፁን ያጎላል። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው ሚዲ የተባለው የመሣሪያዎች መግባቢያ ይህን ፍጥነት ከ1 እስከ 127 በቍጥር ይገልጠዋል። እንግዲህ አቧራ በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ቢቀመጥ፥ ያ ነጥብ ዘግይቶ ስለሚነካ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ያጥራል፤ በዝግታ የተነካው ድምፅ በኃይል እንደ ተመታ ሆኖ ይጮኻል። ነጥቡ ፈጽሞ ካልነካ ደግሞ ድምፁ ይጠፋል። ልጃችን የነገረችን ቃል ለቃል ይህንኑ ነበር።

ጠጋኙ ጎማዎቹን አንሥቶ ነጥቦቹንና ሰሌዳውን ብናኝ በማይለቅ ጨርቅና በጥቂት አይሶፕሮፒል አልኮል ጠረገ፤ አድርቆም መለሰ። ይህን ሥራ ያልለመደ ሰው በቤቱ እንዲሞክረው አንመክርም፤ በውስጡ ያሉት ሽቦዎች ቀጫጭን ናቸውና። አንድ ጎረቤታችን «አረቄስ አልኮል አይደለምን?» ብለው ጠርሙስ ይዘው መጥተው ነበር፤ አረቄውን ለሰው፥ ኪቦርዱን ለጠጋኝ መተው ይሻላል ብለን በምስጋና መለስናቸው።

በቤት የሚደረገው ግን ለማንም አይከብድም። አስቀድሞ ከኤሌክትሪክ መንቀል፤ ቀጥሎ ፀጉሩ ለስላሳ በሆነ ደረቅ የቀለም ብሩሽ በቁልፎቹ መካከል ያለውን አቧራ ወደ ፊት ማውጣት፤ ከዚያም በሚገባ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ላዩን ማበስ ነው። ውኃ መርጨት አይገባም። ብዙ ሰው እንደሚያደርገው በአፍ እፍ ማለትም መልካም አይደለም፤ ምራቅ ይገባበታልና፥ አቧራውንም ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ለላዩ አልኮልና ቲነር አይሆኑም፤ ፕላስቲኩን ያበላሻሉ።

ስለ መሸፈኛው ብዙ ተከራክረናል። ላስቲክ አቧራ ይከለክላል፥ በክረምት ግን እርጥበት አፍኖ ይይዛል። ጋቢ ብናኙን ይለቃል። ያገኘነው የሚሻል ነገር ድርብ ሆኖ የተሰፋ፥ ጠበቅ ያለ የጥጥ አንሶላ ነው፤ በአራቱም ወገን እስከ ታች ይወርዳል፥ በየሳምንቱም ይታጠባል። መሣሪያው ሳይጠፋ ግን አይሸፈንም፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ዳንቴሉም አልተሻረም፤ ከአንሶላው በላይ ተነጥፏል። ኪቦርዱ ከመስኮቱ ሥር ተነሥቶ በውስጠኛው ግድግዳ በኩል ተቀመጠ፤ ረከቦቱም ወደ ሌላው ክፍል ሄደ። ሕዳር 12 ቀን፥ በ1911 ዓ.ም. የደረሰውን የሕዳር በሽታ እያሰበ ከተማው በሙሉ ቆሻሻ ሲያቃጥል፥ መሣሪያው በከረጢቱ ገብቶ ይውላል።

ነገሩን በስልክ ለባለቤታችን ወንድም ባጫወትናቸው ጊዜ፥ የኃይሉ መርጊያን ነገር አነሡልን። ኃይሉ መርጊያ በ1981 እ.ኤ.አ. ከዋልያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ተጕዘው በዚያው ቀሩ፤ ብዙ ዓመትም በዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ሲነዱ፥ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ በመኪናው ኋላ ይዘው፥ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ይለማመዱ ነበር። በመኪና ኋላ ቡና የሚቈላ የለምና፥ ያ ቦታ ከሳሎናችን ሳይሻል አይቀርም።

መሣሪያው በተመለሰ ቀን ማታ ልጃችንን ጠርተን ይቅርታ ጠየቅናት። ለአባት አፍ ይህ ቃል ቀላል አይደለም፤ አስቀድመን ስለ ጎማውና ስለ ነጥቦቹ ረዥም ንግግር አድርገን ነበር። እርሷ ንግግሩን ዝም ብላ ሰምታ፦ «ለእንግዶቹስ ትነግራቸዋለህ?» አለች።

በሚቀጥለው እሑድ እነዚያኑ እንግዶች ጠራናቸው። ቡናው በወዲያኛው ክፍል ሲፈላ፥ ጥፋቱ የእኛ እንጂ የልጅቱ እንዳልነበረ ነገርናቸው። አሁንም ሳቁ፤ ልጃችን ግን አልሳቀችም። ተነሥታ ወደ ሳሎን ሄደች፤ ዳንቴሉን አጥፋ በወንበር ላይ አኖረች፥ አንሶላውን ገለጠች፥ ከዚያም በሩን ዘግታ መለማመድ ጀመረች።