ስለ ትንሹ ሞተርና ስለ አገራችን ስስ አየር

በከተማችን በፍኖተ ሰላም የጭነት መኪና ቆሞ ጎማ ሲፈታ ወይም ዘይት ሲለወጥ፥ ብዙ ጊዜ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ይኸውም «ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ይሻላል ወይስ ባለ አራት ሆኖ ቱርቦ ያለበት?» የሚል ነው። ሾፌሮቹና መካኒኮቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርዱት ለስድስቱ ነው። እኔ ግን ነገሩን ከፊዚክስ ትምህርታችን ጋር ሳስተያየው፥ በእኛ አገር ክርክሩ ሲሊንደር በመቁጠር ብቻ የሚያልቅ ሆኖ ስላላገኘሁት፥ ያሰብሁትን ለጓደኞቼ፥ ለመምህራኖቼና ለወላጆች በአጭሩ ለመግለጽ እወዳለሁ።

በመጀመሪያ ለስድስቱ ወዳጆች እውነቱን ልመስክርላቸው። ከአባቶቻችን ዘመን ጀምሮ በአገራችን መንገድ ጭነት ሲያመላልስ የኖረው «ኤንትሬ» የምንለው የፊያት መኪና፥ ከ10 ሊትር በላይ የሆነ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ነበረው። ስድስት ሲሊንደር በአንድ መሥመር ሲደረደር፥ ፒስተኖቹ ሲወጡና ሲወርዱ የአንዱን ግፊት ሌላው ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ሞተሩ ብዙ ሳይንቀጠቀጥ ይሠራል። ሥራውም ለስድስት ስለሚከፋፈል የእያንዳንዱ ድካም ያንሳል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው ማለት ነው።

ታዲያ ይህን የመሰለ ሞተር ለምን ይቀነሳል? ነገሩ ጎልቶ የታየው በባለጸጎች አውቶሞቢል ላይ ነው። የጀርመኑ ቢ ኤም ደብልዩ በለስላሳና ፈጣን ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሩ የታወቀ ፋብሪካ ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ2012 ለአሜሪካ ገበያ ባቀረበው «328 አይ» በተባለው መኪናው ላይ ባለ 3 ሊትሩን ስድስት ሲሊንደር አንሥቶ፥ ባለ 2 ሊትር አራት ሲሊንደር ከነቱርቦው ተካበት። የቀድሞው 230 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው አዲሱ 240 አለው። ድምፁ እንደ ድሮው አይደለም ብለው ያዘኑ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን በአውሮፓም በአሜሪካም ሕጉ ጠብቆ ነበር። ለምሳሌ አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ሕግ፥ አዳዲስ አውቶሞቢሎች በአንድ ኪሎ ሜትር የሚያወጡት የካርቦን ጋዝ እ.ኤ.አ. በ2015 በአማካይ ከ130 ግራም እንዳይበልጥ አዘዘች። ስለዚህ ፋብሪካዎቹ ነዳጅ የሚቆጥብ ትንሽ ሞተር መፈለግ ግድ ሆነባቸው።

ቱርቦ ምንድን ነው ቢሉ፥ ሥራው እንደ ቀጥቃጭ ወናፍ ነው። ቀጥቃጭ ብረቱ አልግል ሲለው ምድጃውን አያሰፋም፤ ወናፉን ያበረታል እንጂ። በመኪናውም ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጢስ በከንቱ ከመበተኑ በፊት አንዲት ትንሽ መዘውር ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ ማዶ ያለችው ሌላዋ መዘውር ንጹሕ አየር አምቃ ወደ ሲሊንደሩ ትገፋለች። ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ነዳጅ በደንብ ይቃጠላል። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1905 በፓተንት ያስመዘገበው አልፍሬድ ቡቺ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ ነው።

ከፍታ ላይ ለምንኖር ለእኛ ዋናው ቁም ነገር ከዚህ ይጀምራል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ በ1,900 ሜትር ግድም ትገኛለች፤ ቡሬም ከ2,000 ሜትር ታልፋለች። በ2,000 ሜትር ላይ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ጋር ሲነጻጸር አራት አምስተኛው ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ስድስት ሲሊንደር ቢኖረውም፥ ስድስቱም የሚተነፍሱት ይህንኑ ስስ አየር ስለሆነ፥ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ያጣል። እ.ኤ.አ. በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭኖ፥ 4,300 ሜትር ከፍታ ባለው በፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ ላይ ፈትኖ ነበር። ያለ ቱርቦ ጉልበቱ በብዙ ሲቀንስ፥ በቱርቦ ግን ከታች በሜዳ የነበረውን ያህል ሰጠ።

ይህ የጨዋታ ነገር አይደለም። በየወረዳው ስናያቸው የኖርናቸው አምቡላንሶች ብዙዎቹ ላንድ ክሩዘር ናቸው። ለእነዚህ መኪናዎች እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ሲገጠም የኖረው «ዋን ኤች ዜድ» የተባለው የናፍጣ ሞተር ባለ ስድስት ሲሊንደር፥ 4.2 ሊትር፥ ቱርቦ የሌለውና 130 ያህል የፈረስ ጉልበት ያለው ነው። በእኛ ከፍታ ግን የሚቀረው 105 ግድም ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2023 በዚሁ ዓይነት መኪና ላይ ባለ አራት ሲሊንደር 2.8 ሊትር የቱርቦ ሞተር መግጠም ጀመረ። ጉልበቱ 204 ሲሆን፥ ቱርቦው የሳሳውን አየር ስለሚያካክስ ከፍታው ብዙ አይጎዳውም። ምጥ የያዛት እናት ከቆላው ቀበሌ ተጭና ዳገቱን ወደ ሆስፒታል ስትወጣ፥ ይህ ልዩነት በደቂቃ ይቆጠራል። የጎጃምን በቆሎ ጭኖ ዓባይ በረሃ ከወረደ በኋላ፥ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ወደ ጎሃ ጽዮን ለሚወጣው ሾፌርም ነገሩ እንዲሁ ነው።

ይህን ስል ትንሹ ሞተር እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። ዋን ኤች ዜድ ፖምፓው ያለ ኮምፒዩተር የሚሠራ ስለሆነ፥ በገጠር ቢቆም በመፍቻ የሚያስነሣው ሰው ይገኛል። የአዲሱ ቱርቦ መዘውር ግን በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ስለምትዞር ሕይወቷ ዘይት ነው። ዳገት ወጥቶ የጋለውን ሞተር ወዲያው የሚያጠፋ ሾፌር፥ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት ይደርስበታል፤ ዘይቱ እዚያው ተቃጥሎ ዘንጉን ያስበላዋልና። ኢንጀክተሩም ናፍጣውን በብርቱ ግፊት በቀጭን ቀዳዳ የሚረጭ በመሆኑ፥ በመንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጥ፥ ውሃና አቧራ የገባበት ናፍጣ ያበላሸዋል። ያን ጊዜ አምቡላንሱ በዳገቱ መዘግየቱ ቀርቶ ጨርሶ ይቆማል።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ለአገራችን ከፍታ ቱርቦ ያለው ትንሽ ሞተር ይስማማል፤ ሆኖም ከመኪናው ጋር ሦስት ነገሮች አብረው ካልመጡ ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል። እነዚህም ንጹሕ ናፍጣ፥ በጊዜው የሚለወጥ ዘይትና ፊልትሮ፥ እንዲሁም ብልሽቱን በኮምፒዩተር መርምሮ የሚያገኝ መካኒክ ናቸው። ሁለቱ በገንዘብ ይገዛሉ። ሦስተኛው ግን ከእኛው ከተማሪዎቹ መካከል መውጣት አለበት። በየቤታችን ቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት የሚገባ ልጅ «ውጤት ያልመጣለት» እየተባለ ሲታዘንለት እንሰማለን። ወላጆቻችን ሆይ፥ የታመመ ሰው የጫነው አምቡላንስ ዳገቱን እንዲወጣ የሚያደርገው ያ ልጅ ነውና፥ ከምታዝኑለት ይልቅ ብትመርቁት ይሻላል።