ቤዙን ስሙት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚዘልቀው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር ከሚታጠፈው ጋራ በሚለያይባት በወረታ፣ ክረምቱን በርብና በጉማራ ሙላት ተውጦ የከረመው የፎገራ ሜዳ ሩዙ ታጭዶ በየአውድማው በሚከመርበት በዚህ ወራት፣ ከሥራ መልስ ደጋግሜ የማዳምጠው የኃይሉ መርጊያን «ላላ በሉ» ነው፤ አልበሙ የሚጠራው በኪቦርድና በአኮርዲዮን ሊቁ ስም ይሁን እንጂ፣ ዜማውን ተሸክሞ የሚሄደው ቤዙ መሆኑን ልብ ብሎ የሰማ ሁሉ ይመሰክራል።

ኃይሉ በዋልያስ ባንድ ሳለ የመላኬ ገብሬ ቤዝ ከጎኑ ነበረ። ባንዱ በ1981 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ከአባላቱ ከፊሎቹ በዚያው ከቀሩ በኋላ ግን፣ በ1985 «ሸሞንሟናዬ»ን ሲቀርጽ አኮርዲዮኑንም ኪቦርዱንም ብቻውን ይዞ፣ ምቱን ለኤሌክትሪክ ከበሮ አደራ ሰጠ። ካሴቱ ጥዑም ነው፤ የስደት ብቸኝነት ግን ሰፍኖበታል። ከዚያም በዋሽንግተን ብዙ ዓመት ታክሲ ሲነዳ ኖሮ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ከቤዝ ተጫዋቹ ከማይክ ማይኮውስኪና ከድራም መቺው ከቶኒ በክ ጋራ ሦስት ሆነው «ላላ በሉ»ን ሲያወጡ፣ በዚያ ካሴት ያልነበረው ሕያው እስትንፋስ ተገኘ። «ትዝታ»ን ብቻ ብትሰሙ ይበቃል፦ ኃይሉ ከዜማው ሲርቅ ቤዙ ቦታውን ይጠብቅለታል፣ ሲመለስም ይቀበለዋል።

ይህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው፣ ከመረግድ ወደ ጽፋት ሲታለፍ፣ ማንም ትእዛዝ ሳይሰጥ ከበሮው ከሊቃውንቱ እስትንፋስ ጋራ እየፈጠነ እንደሚሄድ ያውቃል፤ የድጓው ቤተልሔም በሚገኝበት በደቡብ ጎንደር ደግሞ ይህ ዕውቀት የአገር ሀብት ነው። ታዲያ በሠርጋችን ዳስ ውስጥ ስለ ምን ጠፋ? በኪቦርዱ ላይ አንድ ቁልፍ ሲነካ ቤዙም ድራሙም ተዘጋጅቶ ይወጣል፤ እስክስታው ቢግልም ቢበርድም ፍጥነቱ ያው ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ ሕዝቡን የሚያይ ተጫዋች የሚገባውን ቦታ ማሽን ይዞታልና።

ስለዚህ በመጪው ጥር ልጃችሁን የምትድሩ ወላጆች ሆይ፣ ከኪቦርዱ ጋራ አንድ ቤዝ ተጫዋች ጥሩልን፤ ከጎንደርም ከባሕር ዳርም አይጠፋም። እናንተም ወጣቶች፣ ጊታር ለመማር ካሰባችሁ ባለ አራት አውታሩን ሞክሩት። «ላላ በሉ»ንም በስልክ ድምፅ ማጉያ አትስሙት፤ ቤዙ ይጠፋባችኋል፤ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት።