ተራው የማን፣ ሂሳቡ የማን

ፑል ቤት ገብታችሁ ሁለት ለሁለት ልትጫወቱ ከሆነ መጀመሪያ አንድ ነገር ተስማሙ፦ «በየምቱ ነው ወይስ እስኪስት?» ነገሌ ቦረና ላይ ካየሁት ጭቅጭቅ አብዛኛው የሚነሳው ይሄ ሳይጠየቅ እስቴካ ስለሚነሳ ነው።

«እስኪስት» ከሆነ ጎበዙ ኳስ ባስገባ ቁጥር ይቀጥላል፤ ተጣማሪው ግድግዳ ተደግፎ ያያል። «በየምቱ» ከሆነ ግን አንዷን ካስገባህ ቀጣዩን የሚመታው ተጣማሪህ ነው። እሱ ካስገባ ደግሞ አንተ። ከሳታችሁ ተራው ወደ ተጋጣሚ ይሄዳል፤ ሲመለስ የሚጀምረው መጨረሻ ላይ ያልመታው ነው። ተራውን አዛብቶ የመታ ፋውል ይያዝበታል።

ይሄ የሰፈር ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። በፈረንጆቹ 2006 የተጀመረው የፑል የዓለም ዋንጫ ላይም ተጫዋቾች ጥንድ ጥንድ ሆነው አገር ይወክሉ ነበር፤ የሚመቱትም እየተፈራረቁ ነበር። የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰዱት ፊሊፒናውያኑ ኤፍሬን ሬየስና ፍራንሲስኮ ቡስታማንቴ ናቸው። ሬየስን ብዙዎች የምንጊዜም ምርጥ ይሉታል። እሱም ቢሆን አንድ አስገብቶ ዞር ማለት ነበረበት።

እኔ ለዚህ ሕግ ሽንጤን ገትሬ መከራከር የጀመርኩት ግን በአንድ ልጅ ምክንያት ነው። ከዱብሉቅ በኩል የመጣ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ሲቀር የቤተሰቡ ከብት አለቀ፤ እሱም ከተማ ገብቶ ከመኪና ላይ ጭነት ማውረድ ጀመረ። ማታ ማታ ፑል ቤት ይመጣል። እስቴካ አያያዙ ገና ስለነበር አብሮት የሚጣመር ሁሉ «እስኪስት» ነው የሚለው። ምሽቱን ሙሉ አራት አምስት ጊዜ ቢመታ ነው። ሲሸነፉ ግን ሂሳቡን የሚከፍለው ተሸናፊ ስለሆነ ግማሹ የሱ ነው። ቀኑን ሙሉ ጆንያ ተሸክሞ ያገኘው ብር፣ ሌላ ሰው በሳተው ኳስ ይሄዳል።

አንድ ማታ ከኔ ጋር ሲጣመር «በየምቱ» አልኩ። ተጋጣሚዎቻችን «አቦ፣ እሱ እየተማረ እኛ እስኪነጋ ልንቆም ነው?» አሉ። ልጁ በኦሮምኛ «እዚህ ቤት አባ ሄሬጋ የለም እንዴ?» ሲል ሁሉም አውካኩ።

ነገሩ የገባቸው ወዲያው ነው። ቦረና ላይ ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች፣ ኤላዎች አሉ። ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ውሃውን እየተቀባበሉ ያወጣሉ። የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ ተራ የሚያወጣው አባ ሄሬጋ ነው። ጉልበት ስላለው ብቻ ተነስቶ የሚያጠጣ የለም። ሄሬጋ ማለት ደግሞ ቆጠራ፣ ሂሳብ ማለት ነው። ከዚያ ማታ ጀምሮ ሂሳብ የሚቀበለው የፑል ቤቱ ባለቤት ስሙ አባ ሄሬጋ ሆኖ ቀረ። «ቅድም የመታው ማን ነበር?» የሚል ጭቅጭቅ ሲነሳም ዳኛው እሱ ነው።

በየምቱ ስትጫወት አጨዋወትህ ራሱ ይቀየራል። ማስገባት ብቻ አይበቃም። ነጯ የት እንደምትቆም ታስባለህ፤ ቀጥሎ የሚመታው አንተ አይደለህማ። ለአንተ የሚመችህ ጠባብ ማዕዘን ለሱ ላይመች ይችላል። ስለዚህ ከባዷን ራስህ ትሞክራለህ፣ ቀዳዳው አፍ ላይ ያለችውን ለሱ ትተዋለህ። ምክርም ገደብ አለው። እኛ ጋ ተጣማሪህ ጎንበስ ከማለቱ በፊት የፈለግከውን ማለት ትችላለህ፤ እስቴካውን ነጯ ላይ ካነጣጠረ በኋላ ግን ዝም ነው። ቢስትም ዝም ነው።

አሁንም ካሸነፍነው የተሸነፍነው ይበልጣል። አንዴ «ሙሉውን ልክፈለው» ብዬ በጣም ተቆጥቶኛል። አባ ሄሬጋ ሲመጣ ግማሹን ከኪሱ አውጥቶ ይከፍላል። ግን ግማሹን ተጫውቶ ነው።