ከንጣፉ በታች

በድባጤ የክረምቱ ዝናም ብርቱ ነውና፣ ከመኪናዬ የሚንጠባጠበው ውሃ ቶሎ ይወርድ ዘንድ የጋራዡን ወለል እርስ በርሱ በሚጋጠም ባለቀዳዳ የፕላስቲክ ንጣፍ አስለበስሁት። ላዩ ዘወትር ይጠረግ ነበር፤ ነገር ግን ክፉ ሽታ ስለ ተነሣ፣ የሚጠርገውን ወጣት ሰነፍ ነህ ብዬ ገሠጽሁት። እርሱም ዝም አለ።

በመስከረም ዝናሙ ሲያባራ፣ ከበሩ በኩል ጀምረን ንጣፉን በቀርከሃ ስንጣሪ እያላቀቅን ብናነሣው፣ ጭቃና ዘይት ተጋግሮ የውሃውን መውረጃ ዘግቶት አገኘን። በሳሙናና በሸካራ መጥረጊያ ፈግፍገን፣ ወለሉም እስኪደርቅ ቆይተን መለስነው።

ንጣፉ ከቶ እንዳይነሣ ያዘዝሁ እኔው ነበርሁና፣ ወጣቱን ይቅርታ ጠየቅሁት። ቀዳዳው ውሃውን ሲያሳልፍ ጭቃውንም ያሳልፋል፤ ስለዚህ አሁን በየወሩ አብረን እናነሣዋለን።