«ለአዋቂዎች ብቻ» ብዬ የቆለፍኩት በር

ዛሬ የማጫውታችሁ የሌላ ሰው ጉድ ሳይሆን የራሴን ነው።

አምና ኪሴ ነጥፎ ሳለ አንድ የሠፈሬ ልጅ «ቁጭ ብለህ የምትሠራው ሥራ አለ» አለኝ። ሥራው ኮምፒዩተር የኢንተርኔት ገጾችን በየርዕሳቸው እንዲለይ ማስተማር ነው። ድሮ ይህን የሚሠራው ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ሁለት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ጄሪ ያንግና ዴቪድ ፋይሎ፣ በኋላ ያሁ የተባለውን ማውጫ የጀመሩት ገጾቹን በእጃቸው እየመደቡ ነው። ገጹ እንደ አሸን ሲፈላ ግን የሰው እጅ አልቻለውም። ማውጫውም በ2014 ተዘጋ።

የእኔ ድርሻ ገጹን አንብቤ «ስፖርት»፣ «ጤና»፣ «ንግድ»፣ «ለአዋቂዎች ብቻ» እያልኩ መለጠፍ ነበር። ማሽኑ የትኛው ቃል በየትኛው ምድብ እንደሚበዛ ይቆጥርና አዲስ ገጽ ሲመጣለት በዚያ ይገምታል። «ዳኛ» የሚለው ቃል ብቻውን ግራ ያጋባዋል። አጠገቡ «ጎል» ካለ ወደ ሜዳ፣ «ይግባኝ» ካለ ወደ ፍርድ ቤት ይልከዋል። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ደግሞ ካልነገሩት በቀር ሁለት የተለያዩ ቃላት ይመስሉታል።

ታዲያ ክፍያው በገጽ ብዛት ስለሆነ እቸኩላለሁ። «ወሲብ» የሚል ቃል ካየሁ ሁለተኛውን መስመር ሳላነብ «ለአዋቂዎች ብቻ»! ቀጥል! ማን ይጠይቀኛል?

ጠያቂማ አላጣሁም። ማሽኑ በአንድ የወጣቶች ማንበቢያ ክፍል ኮምፒዩተሮች ላይ ተገጠመ። አንድ ቀን አንዲት ልጅ እዚያ ገብታ «ተደፍሬያለሁ፤ ምን ላድርግ?» የሚለውን ስትፈልግ ገጾቹ ሁሉ «ተከልክሏል» አሏት። የተቆለፈው ምክር ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር እንዳለበት የሚናገረው ነበር። ደግነቱ የክፍሉ ኃላፊ ስታለቅስ አይታ ጠየቀቻትና ይዛት ሄደች። ሰዓቱ ሳያልፍ ደረሱ።

ወሬውን ስሰማ ጓደኛዬን «ማሽንህ ጉድ ሠራ» አልኩት። «ማሽኑ ምን አደረገ? ያስተማርከውን ነው የሠራው» ብሎ አፌን አስያዘኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና ያለ ክፍያ ሦስት ሌሊት ቁጭ ብዬ የለጠፍኩትን ሁሉ እንደገና አነበብኩ። «ለአዋቂዎች ብቻ» ካልኩት ውስጥ ስንቱ «ጤና» ሆኖ ተገኘ መሰላችሁ! ያቺን ልጅ አላውቃትም፤ ስሟንም አልጠየቅኩም። እንቅልፍ የነሳችኝ ግን እሷ ናት።

እናንተም እንዲህ ያለ ክፉ ነገር ከደረሰባችሁ፣ ወይም የደረሰባት እህት ካለቻችሁ፣ ኢንተርኔት እስኪከፈት አትጠብቁ። በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ሩጡ። 72 ሰዓት የመጨረሻው ጠርዝ ነው፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። እርግዝና የሚከላከል መድኃኒትም አለ፤ ጠይቁ።

ሳምንት በደህና ያገናኘን!